የመርከበኛ ትምህርትና የመምህሩ ጉዳይ

ማናቸውም ሙያ ቢሆን የሚመዘነው በተማሪው ብዛት ወይም በትምህርት ቤቱ ሕንጻ ስፋት አይደለም፤ ሙያውን ለተከታዩ ትውልድ በሚያስተላልፈው ሰው ነው እንጂ። ሐኪምን የሚያወጣው ሐኪም ነው፤ ዳኛንም ዳኛ፣ ሸማኔንም ሸማኔ። ይህን እውነት ሁሉም ሰው በአፉ ይቀበለዋል። ነገር ግን በጀት ወደሚያዝበትና ደመወዝ ወደሚቆረጥበት ጠረጴዛ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት ያሰብነው፣ ይህ ዝንጋታ ከሌሎች ሙያዎች ይልቅ ፈጥኖ ጉዳቱን ስለሚገልጽበት ስለ መርከበኛ ትምህርት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። ወደብ የሌለው አገር ስለ መርከበኛ ትምህርት ቤት ምን ይጨነቃል? ይሉ ይሆናል። መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ሐይቅ አጠገብ፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር የሚገኘው የባሕር ማሠልጠኛ ተቋም በሜካኒካልና በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን ተቀብሎ ለመርከብ መሐንዲስነትና ለመርከብ ኤሌክትሪክ መኮንንነት ያሠለጥናል። በቢሾፍቱም በባቦጋያ ሐይቅ ዳርቻ ሌላ የባሕርና የሎጂስቲክስ አካዳሚ አለ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከቦች ድርጅት የተቋቋመው በ1964 ነው፤ አገሪቱ ወደብ አልባ ከሆነችበት ከ1993 ወዲህም መርከቦቹ ሰንደቅ ዓላማችንን እያውለበለቡ በባሕር ላይ መመላለሳቸውን አላቆሙም። ስዊዘርላንድም ባሕር የላትም፤ ነገር ግን በ1941፣ ዓለም በጦርነት ስትታመስ፣ የራሷን የንግድ መርከቦች በባሕር ላይ አሰማርታለች። እንግዲህ ለመርከበኛነት የሚያስፈልገው በደጃፍ ያለ ባሕር ሳይሆን የተማረ ሰው መሆኑን መረዳት አያዳግትም።

የሥራውም ገበያ ሰፊ ነው። በዓለም ላይ ከሚዘዋወረው የንግድ ዕቃ በመጠን ከአምስት እጅ አራቱን የሚያህለው በባሕር ይጓዛል። የመርከብ ባለንብረቶች ማኅበራት በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በዓለም አቀፍ ንግድ ላይ የተሰማሩት መርከበኞች 1.89 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ የምስክር ወረቀት ያላቸው መኮንኖች ጉድለት 26,240 ደርሷል። እስከ 2026 ድረስም ተጨማሪ 89,510 መኮንኖች እንደሚያስፈልጉ ይኸው ጥናት ገምቷል። የምህንድስና ዲግሪ ይዞ ሥራ ፍለጋ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ለሚንከራተት ወጣት ይህ ቁጥር ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ሌላም ነገር ይነግረናል። መርከቦቹ መኮንን ካጡ፣ መኮንኖቹን የሚያስተምር መኮንንማ ከወዴት ይገኛል?

የነገሩን ክብደት ለመረዳት በሐሳባችን ወደ አንድ የዕቃ መርከብ የሞተር ክፍል እንውረድ። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ነው። ካፒቴኑ ተኝቷል፤ ዋናው መሐንዲስም ተኝቷል። በሞተሩ ክፍል ተረኛ ሆኖ የሚጠብቀው ገና የ24 ዓመት ወጣት ነው። የማስጠንቀቂያው ደወል ይጮኻል። ወጣቱ ሰሌዳውን ሲያይ የዘይቱ ግፊት ወርዷል። አሁን ሞተሩን ፍጥነት ይቀንስ ወይስ ተጠባባቂውን ፓምፕ ያስነሣ? ዋናውን መሐንዲስ አሁኑኑ ይጥራ ወይስ መጀመሪያ መሣሪያው ራሱ ተሳስቶ እንደሆነ ያጣራ? መርከቡ በሰፊው ውቅያኖስ መካከል ከሆነ ጥቂት የማሰቢያ ጊዜ ይኖረዋል። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከሆነ ግን ሞተሩን ማቆም ራሱ መርከቡን ከአለት ጋር ሊያላትም ይችላል። በዚያች ደቂቃ ወጣቱ የሚያስታውሰው የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ አይደለም፤ አንድ ቀን በክፍል ውስጥ፣ «እኔ በእንዲህ ያለ ሌሊት ያደረግሁት ይህን ነበር፤ የተሳሳትሁትም እዚህ ላይ ነበር» ያለውን መምህር ነው። እንዲህ ብሎ የነገረው መምህር ከሌለ ወጣቱ ብቻውን ነው።

ዓለም ይህን የተማረው በብዙ ኪሣራ ነው። በማርች ወር 1967 «ቶሪ ካንየን» የተባለው የነዳጅ መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ከውኃ በታች ካሉ አለቶች ጋር ተጋጭቶ፣ የጫነው ከ100 ሺህ ቶን በላይ ድፍድፍ ዘይት የእንግሊዝንና የፈረንሳይን ዳርቻ አጥቁሯል። መርከቡ በጊዜው ታላቅና ዘመናዊ ነበር፤ የጎደለው የብረት ጥንካሬ ሳይሆን የሰው ውሳኔ ነበር። ከዚህ አደጋ በኋላ በተነሣው ክርክር ምክንያት፣ መንግሥታት በ1978 በለንደን ተሰብስበው የመርከበኞችን የሥልጠና፣ የምስክር ወረቀትና የተረኛ ጥበቃ መለኪያ የሚወስን ስምምነት አጸደቁ። በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ኤስ.ቲ.ሲ.ደብልዩ እየተባለ የሚጠራውና በ1984 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ይህ ነው።

ስምምነቱ ታላቅ እርምጃ ቢሆንም አንድ ጉድለት ነበረበት። ብዙውን ነገር ለየመንግሥቱ ግምት የተወ ስለነበር፣ አንዱ አገር በጥብቅ ሲፈትን ሌላው በይሁንታ ያሳልፍ ነበር። በወረቀቱ ላይ ግን የሁለቱም ምስክርነት አንድ ነበር። በኤፕሪል 1990 ከኦስሎ ወደ ዴንማርክ ይጓዝ በነበረው «ስካንዲኔቪያን ስታር» በተባለው የመንገደኞች መርከብ ላይ እሳት ተነሥቶ 159 ሰዎች ሞቱ። ከመርከበኞቹ ብዙዎቹ በዚያ መርከብ ላይ ሥራ የጀመሩት በቅርቡ ነበር፤ ተገቢውን የእሳት ልምምድም አላደረጉም ነበር። በእነርሱና በመንገደኞቹ መካከል ቋንቋ እንኳ በሚገባ አልተግባባም። ዓለም እንዲህ ያሉትን ትምህርቶች ከሰበሰበ በኋላ ስምምነቱ በ1995 ከሥር እስከ ጫፍ ተሻሻለ። በ2010ም በማኒላ ከተማ እንደገና ታርሞ ከ2012 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ ዋለ።

የ1995ቱ ማሻሻያ ካመጣቸው ነገሮች ሦስቱ ለዛሬው ጉዳያችን ዓይነተኞች ናቸው። የመጀመሪያው፣ ተማሪው ይህን ያህል ሰዓት ክፍል ውስጥ ተቀመጠ መባሉ ብቻ በቂ አይደለም፤ ሥራውን መሥራት መቻሉ ሲሠራ ታይቶ ሊረጋገጥ ይገባል። ሁለተኛው፣ የሚያሠለጥነውም ሆነ የሚፈትነው ሰው ለሚያስተምረውና ለሚፈትነው ደረጃ ራሱ ብቁ መሆን አለበት፤ ፈታኙም የአፈታተንን ዘዴ የተማረና የተለማመደ መሆን ይኖርበታል። ሦስተኛው፣ የእያንዳንዱ አገር የሥልጠና ሥርዓት ቢበዛ በየአምስት ዓመቱ፣ በሥራው እጅ በሌላቸው ሰዎች ተመርምሮ ውጤቱ ለዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት መቅረብ አለበት። ሕጉ ከሕንጻውና ከመሣሪያው አልፎ በቀጥታ ወደ መምህሩ መድረሱን ልብ ይሏል።

አሁን ችግሩ ወዳለበት ቦታ ደረስን። ሕጉ የሚፈልገው መምህር በአንድ ሰው ላይ ሦስት ነገሮችን ማጣመር አለበት። በባሕር ላይ በኃላፊነት የሠራ፣ ማስተማር የሚያውቅ፣ መመዘንም የሚችል መሆን ይገባዋል። እንዲህ ያለው ሰው በዓለም ሁሉ ብርቅ ነው፤ ብርቅ የሆነበትም ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ዋና መሐንዲስ ወይም ካፒቴን ለመሆን የበቃ ሰው መርከብ ላይ የሚያገኘው ደመወዝ በዶላር ነው። ወደ ትምህርት ቤት ሲጠራ የሚቀርብለት ግን የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ እርከን ነው። ልጆች የሚያሳድግ ሰው፣ አገሩን ስለሚወድ ብቻ ከገቢው አብዛኛውን ትቶ እንዲመጣ መጠበቅ፣ ለአንድ ዓመት ይሠራ ይሆናል፤ ለአሥር ዓመት ግን አይሠራም።

ሁለተኛው ምክንያት ከገንዘብ ይልቅ የሚያሳዝን ነው። የመርከብ መኮንን የምስክር ወረቀት እንደ ዲግሪ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አይደለም፤ በየአምስት ዓመቱ መታደስ አለበት። ለማደስ ከሚያበቁት መንገዶች ዋናው፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር፣ ወይም ከመታደሱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ 3 ወር በባሕር ላይ መሥራት ነው። እኩያ ናቸው ተብለው የሚቆጠሩ ሌሎች ሥራዎችና ፈተናም በሕጉ ቢፈቀዱም፣ ዓመቱን ሙሉ በማስተማር ላይ የሚውለው መኮንን ከመርከቡ እየራቀ በሄደ መጠን ወደዚያው የመመለሻ በሩ ይጠብበታል። በሌላ አነጋገር፣ በቅን ልብ ሊያስተምር የመጣው ሰው የራሱን ሙያ በመምህርነቱ ይከፍላል። ይህን የሚክስ ደንብ እስካልተገኘ ድረስ ጥሩው መኮንን ቢያመነታ ሊፈረድበት አይገባም።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ከእኛ፣ በተለይም ከዚህ ዓምድ ወጣት አንባቢዎች፣ የራቀ አይደለም። እስቲ አንድ የሥራ መደብ ማስታወቂያ ወጥቶ ሁለት ሰዎች አመለከቱ እንበል። አንደኛው ሁለተኛ ዲግሪውን በጥሩ ውጤት የጨረሰ፣ በሞተር ሙቀትና ግፊት ላይ ጽሑፍ ያሳተመ፣ ነገር ግን በመርከብ ላይ አንዲት ሌሊት ያላደረ ወጣት ነው። ሁለተኛው ከሃያ ዓመት በላይ በባሕር ላይ የኖረ፣ ከታችኛው መሐንዲስነት እስከ ዋና መሐንዲስነት የደረሰ፣ ከፍተኛውን የብቃት ምስክር ወረቀት የያዘ፣ ዲግሪ ግን የሌለው ሰው ነው። ማመልከቻዎቹን የሚመረምረው ወጣት ሹም መመሪያውን ይገልጣል። መመሪያው፣ «የመጀመሪያ ዲግሪ ይህን ያህል፣ ሁለተኛ ዲግሪ ይህን ያህል» ይላል፤ የመርከብ ብቃት ወረቀት የሚገባበት ዓምድ ግን የለበትም። ሹሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ መመሪያውን ተከትሏል። ውጤቱ ግን በምጣድ ላይ እንጀራ ጋግሮ የማያውቅ ሰው ስለ እንጀራ ዓይን እንዲያስተምር መሾም ይሆናል።

ይህን ስንል ዲግሪን ማቃለላችን አይደለም። እኛም በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለፍን ስለሆንን የዕውቀቱን ዋጋ እናውቃለን። የመርከብ ሞተር ያለ ፊዚክስ፣ የመርከብ መሪነትም ያለ ሒሳብ አይገኝም። ሒሳቡን ሊያስተምር የሚገባው ሒሳብ የተማረው ሰው ነው። ደግሞም በባሕር ላይ ብዙ ዘመን የኖረ ሁሉ መምህር አይሆንም። የሚያውቀውን በቃል መግለጽ የሚቸግረው፣ ተማሪን በቁጣ ብቻ የሚያስተምር፣ ወይም ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራበትን ሞተር እንጂ የዛሬውን የማያውቅ አዛውንት መርከበኛም አለ። ስለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ለአሠልጣኞችና ለፈታኞች የተለየ የማሠልጠኛ ሥርዓተ ትምህርት ያዘጋጀው፤ በ1983ም በስዊድን አገር በማልሞ ከተማ የዓለም የባሕር ዩኒቨርሲቲን ያቋቋመው። የምንለው፣ ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ሚዛን ጎን ለጎን ይመዘኑ ነው። አንደኛው ሌላውን እንዲተካ አንጠይቅም።

«የሰው ጉድለት ካለ በመሣሪያ እንሙላው» የሚል ሐሳብም ይሰማል። በእርግጥ ሲሙሌተር የሚባለው ማስመሰያ መሣሪያ ትልቅ ጥቅም አለው። በእውነተኛ መርከብ ላይ ሊሞከር የማይችለውን አደጋ ተማሪው ደጋግሞ ያይበታል፤ ቢሳሳትም የሚሞት ሰው የለም። ዳሩ ግን መሣሪያው የሚያሳየው አሠልጣኙ ያዘዘውን አደጋ ብቻ ነው። አደጋ አይቶ የማያውቅ አሠልጣኝ ምን ዓይነት አደጋ ያዝዛል? ልምምዱ ካበቃ በኋላስ ተማሪውን አስቀምጦ፣ «ለምን ይህን መረጥህ?» ብሎ ሲጠይቀው መልሱን በምን ይመዝነዋል? ከዚህም በቀር መሣሪያው የማያስተምራቸው ነገሮች አሉ። የሞቀ ኩሽኔታ የሚሰጠው ሽታ፣ መርከቡ በማዕበል ሲያጋድል በአንድ እጅ ተይዞ በሌላው እጅ መሥራት፣ ለሦስት ሌሊት በሚገባ ያልተኛ ሰው የሚሠራው ስሕተት፣ ከአምስት አገር የመጡ ሰዎች በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚቀባበሉት ትእዛዝ፣ እነዚህ ሁሉ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉ ናቸው።

ለዚህም ነው ሕጉ የክፍል ትምህርቱን ያጠናቀቀው ዕጩ መኮንን በመርከብ ላይ በተቆጣጣሪ ሥር ሆኖ በወራት የሚቆጠር ጊዜ እንዲያሳልፍ የሚያዝዘው። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጥበት ይገጥመናል። ለዕጩ መኮንን የሚሆን አልጋ በመርከብ ላይ የሚገኘው የመርከቡ ባለቤት ሲፈቅድ ብቻ ነው። ባለቤቱም የሚፈቅደው ልጁ ከመጣበት ትምህርት ቤት በፊት የተቀበላቸውን ልጆች አስታውሶ ነው። የመጀመሪያዎቹ በደንብ ከሠሩ ለተከታዮቹ በሩ ይከፈታል፤ ከደከሙ ግን ይዘጋል። አንድ መምህር በግዴለሽነት ያሳለፈው አንድ ተማሪ፣ በማያውቃቸውና ጥፋት በሌለባቸው አሥር ተማሪዎች ላይ በር ይዘጋል ማለት ነው።

ጉዳቱ እስከ አገር ድረስም ይደርሳል። የመርከብ መኮንን የምስክር ወረቀት የሚሠራው ሌላው አገር፣ ማለት መርከቡ ሰንደቁን የሚያውለበልብለት አገር፣ ሲያምነው ብቻ ነው። እምነቱ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የሁለት አገሮችን ታሪክ እንመልከት። ጆርጂያ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ አገር ናት። በ2010 የአውሮፓ ኅብረት የሥልጠናና የፈተና ሥርዓቷን መርምሮ ጉድለት ስላገኘበት የምስክር ወረቀቷን መቀበል አቆመ። እምነቱ የተመለሰላት ሥርዓቷን ካሻሻለች በኋላ በ2013 ነበር። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ፣ ጎበዙም ሰነፉም የጆርጂያ አዲስ መኮንን በኅብረቱ አገሮች መርከቦች ላይ በሩ ተዘግቶበት ቆይቷል።

ሁለተኛዋ ፊሊፒንስ ናት። ለዓለም መርከቦች ሰው በማቅረብ ከቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት፤ መርከበኞቿ ወደ አገር ቤት የሚልኩትም ገንዘብ የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ነው። ነገር ግን የአውሮፓ የባሕር ደኅንነት ኤጀንሲ ከ2006 ጀምሮ ባደረጋቸው ተደጋጋሚ ምርመራዎች በትምህርት ቤቶቹ ቁጥጥር፣ በአመዛዘኑና በአፈታተኑ ላይ ጉድለቶች አግኝቶ አስታወቀ። ትምህርት ቤቶቹ በዝተው ነበር፤ ተቆጣጣሪውና ብቁው አሠልጣኝ ግን በዚያው መጠን አልበዛም። በ2021 መጨረሻ የአውሮፓ ኮሚሽን ጉድለቱ ካልታረመ ዕውቅናውን እንደሚያነሣ አስጠነቀቀ። በአውሮፓ ሰንደቅ ሥር ይሠሩ የነበሩ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የፊሊፒንስ መርከበኞች እንጀራ በገመድ ላይ ተንጠለጠለ። የማኒላ መንግሥት ተሯሩጦ እርምጃ ከወሰደ በኋላ፣ በማርች 2023 ዕውቅናው እንዲቀጥል ተወሰነ። ይህን ያህል የገዘፈች የመርከበኛ አገር እንዲህ ከተንቀጠቀጠች፣ ገና በመጀመርያው እርከን ላይ ያለን እኛ ምን ያህል ልንጠነቀቅ እንደሚገባን አንባቢ ይፍረደው።

ከራሳችንም ታሪክ የምንማረው አለ። የኢትዮጵያ የባሕር ኃይል በ1955 ሲመሠረት አገራችን የባሕር መኮንን አልነበራትም። ስለሆነም የኖርዌይ የባሕር ኃይል መኮንኖች ተጋብዘው መጡ፤ በአሥመራም የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ፤ ምጽዋም የጦር መርከቦቹ ሰፈር ሆነ። ሥራው የተጀመረው ከመምህሩ ነው ማለት ነው። ያ ኮሌጅ ያወጣቸው ኢትዮጵያውያን መኮንኖች በተራቸው ሌሎችን አስተማሩ። ከ1991 በኋላ ግን ወደቡ ሲሄድ፣ በ1996ም የባሕር ኃይሉ ሲፈርስ፣ ሰው ከሰው እየተቀበለ ያመጣው ሰንሰለት ተበጠሰ። ከመኮንኖቹ አንዱ በንግድ መርከብ፣ ሌላው በስደት፣ ሌላው ከባሕር ጋር በማይገናኝ ሥራ ተበተነ። በ2018 የባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ሐሳብ ሲቀርብ ዳግመኛ የተፈለገው የውጭ ወዳጅ ነበር፤ በ2019ም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ። መርከብ በገንዘብ በጥቂት ዓመት ይገዛል፤ የተበጠሰ የመምህራን ሰንሰለት ግን የሚቀጠለው በአንድ ትውልድ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ሳንሰማ ማለፍ አይገባንም። «ደረጃውን ካጠበቃችሁ የሚመረቀው ያንሳል፤ ሥራ ያጣው ወጣት ይበዛል፤ የውጭ ምንዛሪውም ይቀራል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁን አስተምሮ ተስፋውን በእርሱ ላይ የጣለ ወላጅ ፊት ቆሞ፣ «ልጅህ ወድቋል» ማለት ለመምህሩም ለሹሙም ከባድ ነው። ደረጃው በእውነት ቢጠበቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገኘው ገንዘብ ሊያንስ እንደሚችልም መካድ አይገባም። ይህን ዋጋ ሸሽገን ሕዝቡን ልናባብል አንፈልግም። ነገር ግን ብቃት ሳይኖረው ያለፈው ልጅ ፈተናውን አላመለጠም፤ የተላለፈበት ከክፍል ወደ ሞተር ክፍል፣ ከቀን ወደ ሌሊት ነው። በዚያ ደግሞ አብረውት የሚፈተኑ ሌሎች ነፍሳት አሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፣ ዛሬ ጥቂት ሰው ለመጨመር ስንል ነገ የሁሉንም እምነት ልናጣ እንችላለን።

«መምህር ከውጭ እናምጣ» የሚለውም ሐሳብ ለጊዜው የሚጠላ አይደለም። የአሥመራው ኮሌጅ የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን የውጭ መምህር ሲቀጠር በውሉ ላይ ሁለት ሥራ ሊጻፍበት ይገባል፤ አንደኛው ተማሪውን ማስተማር፣ ሁለተኛው የሚተካውን ኢትዮጵያዊ ማዘጋጀት። ሁለተኛው ካልተጻፈ ውሉ ባለቀ ቁጥር ወደ መጀመሪያው ቦታ እንመለሳለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት አራት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል።

አንደኛ፣ በትምህርት ቤቶቹ የሹመትና የደመወዝ ደንብ ውስጥ የባሕር ብቃት ምስክር ወረቀት የራሱ ዓምድ ይኑረው። ዋና መሐንዲስ ወይም ካፒቴን የሆነ ሰው ከየትኛው የመምህርነት እርከን ጋር እኩል እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲ ሐኪምን በሆስፒታል ልምዱ፣ ሠዓሊን በሥዕሉ መመዘን ከቻለ፣ መርከበኛን በመርከቡ መመዘን አያቅተውም።

ሁለተኛ፣ መምህሩ ከባሕር እንዳይለይ መንገድ ይበጅ። የመርከበኛ ሥራ በባሕር ላይ ጥቂት ወራት፣ ከዚያ ደግሞ ዕረፍት በየብስ እየሆነ የሚፈራረቅ ነው። ስለዚህ መኮንኑን መርከቡን ለዘለዓለም ተወው ከማለት ይልቅ፣ በዕረፍቱ ወራት መጥቶ እንዲያስተምር መጋበዝ ይቻላል። ሙሉ ጊዜውን የሚያስተምረውም መምህር የምስክር ወረቀቱ እንዳይሞትበት ደመወዙ ሳይቋረጥ ወደ መርከብ የሚወጣበት ጊዜ ይመደብለት። በባሕር ዳር ተቋም ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል የነበሩት ልጆች ዛሬ የብዙ ዓመት የባሕር ልምድ የሚያካብቱበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ተከታዮቹን መምህራን የምንፈልገው ከእነርሱ መካከል መሆን ይገባዋል፤ መፈለግ የሚጀመረውም እነርሱ በሌላ አገር ኑሯቸውን ሳይመሠርቱ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚያስተምርና የሚፈትን ይለያዩ። አንድ ሰው በራሱ ተማሪ ላይ ሲፈርድ በራሱም ላይ እየፈረደ ስለሆነ፣ ሚዛኑ ሳያውቀው ያጋድልበታል። የሚያሠለጥነው ትምህርት ቤት፣ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ሥርዓቱን የሚመረምረው አካል እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን በር ይጠብቁ። የሰው ማነስ ሦስቱን ሥራ በጥቂት ሰዎች እጅ እንዳይጥለውም ይታሰብበት።

አራተኛ፣ የተማሪው ቁጥር በመምህሩ ቁጥር ይወሰን። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚደረገው ከዚህ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ተማሪው ይቀበላሉ፤ ከዚያ መምህር ይፈለጋል፤ ካልተገኘም ያለው መምህር ክፍል ይጨመርበታል። በወርክሾፕ ውስጥ አምስት ተማሪ ፓምፕ ሲፈታ መምህሩ የእያንዳንዱን እጅ ያያል። ሠላሳ ከሆኑ ግን ሁለቱ ይፈታሉ፤ የቀሩት ይመለከታሉ፤ የሁሉም ምስክር ወረቀት ግን፣ «ፈትቶ ገጥሟል» ይላል።

በመጨረሻ ቃላችንን ለሁለት ወገኖች እናቀርባለን። ወደ መርከበኛነት ለምታስቡ ተማሪዎች የምንላችሁ፣ ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስለ ሕንጻውና ስለ ደንብ ልብሱ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ «የሚያስተምረን ማን ነው? በምን መርከብ ላይ፣ በምን ኃላፊነት ሠርቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ነገ በሌሊት ብቻችሁን የምትቆሙት እናንተ ናችሁና። ጥብቅ መምህር ሲገጥማችሁም አታማርሩ።

በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ወንበር ለያዛችሁ ወጣት ሹማምንት ደግሞ የምንለው ይህ ነው። መመሪያ የሚያረቅቀው፣ የሥራ መደብ የሚመዝነው፣ የበጀት ጥያቄ የሚያዘጋጀው ብዙውን ጊዜ የእናንተ እጅ ነው። የአንድ ልምድ ያለው መሐንዲስ ማመልከቻ፣ ዓምድ ስለሌለው ብቻ ወደ ጎን ሲደረግ ብታዩ፣ «መመሪያው ነው» ብላችሁ አትለፉት። መመሪያው እንዲታረም ማስታወሻ ጻፉና ለበላያችሁ አቅርቡ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ባሕርን ሳታዩ በምትጽፉት በዚያ ወረቀት ምክንያት፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ደወል የሚጮኽበት አንድ የአገራችሁ ልጅ ምን ማድረግ እንደሚገባው ያውቅ ይሆናል።